ከሐዋሳ ወደ ባሌ ተራሮች ከሦስት ዓመት ልጅ ጋር፦ ሳነቴን እንጨምር ወይስ እንተው?

የሐይቅ ዳር እናት (ጠያቂ)

የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት የባለቤቴና የእኔ የአራት ቀን ፈቃድ ስለተገጣጠመ፣ ሦስት ዓመት ከአራት ወር የሆናትን ልጃችንን ይዘን በራሳችን መኪና ወደ ባሌ ለመሄድ አስበናል። ላንጋኖንና ወንዶ ገነትን ደጋግመን ስላየናቸው፣ በዚህ ጊዜ የምንፈልገው አንድ ቦታ ደርሶ መቀመጥን ሳይሆን መንገዱ ራሱ እየታየ የሚሄድበትን ጉዞ ነው።

በወረቀት ላይ ያሰፈርነው ዕቅድ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ሄደን ዲንሾ እናድራለን፤ በሁለተኛው ቀን በጎባ በኩል ሳነቴ የሚባለው ከፍተኛ አምባ ላይ ወጥተን፣ በዚያው ወደ ሐረና ጫካ ወርደን እናድራለን፤ በሦስተኛው ቀን ሶፍ ዑመር ዋሻን እናያለን፤ በአራተኛው ቀን ወደ ሐዋሳ እንመለሳለን። የሚያሳስቡኝ ሦስት ነገሮች አሉ። ልጃችን መንገዱ ጠመዝማዛ ሲሆን ታስመልሳለች። መኪናችን ቪትዝ ናት። አማቴ ደግሞ «ሕፃን ልጅ ይዞ ብርድ አገር መውጣት ምን የሚሉት ነው» ብለው ፊታቸውን አጥቁረውብናል፤ እውነቱን ለመናገር፣ ትክክል ቢሆኑስ የሚል ሥጋት በእኔም ውስጥ አለ። በዚህ መንገድ ልጅ ይዛችሁ የሄዳችሁ ወይም አገሩን የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የጎባ ሾፌር

እኅቴ፣ በዚህ መንገድ ለብዙ ዓመታት ሰው አመላልሻለሁ። ዕቅድዎ ለሁለት ጎልማሶች እንኳ የታጨቀ ነው። ከሁሉ በፊት ሶፍ ዑመርን ያውጡት። ዋሻው ከሮቤ በስተምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በቆላው በኩል የሚገኝ ስለሆነ ደርሶ መልስ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል፤ የወይብ ወንዝ የሚያልፍበት ጨለማ ዋሻ ደግሞ ለሦስት ዓመት ልጅ ከማስደነቅ ይልቅ ማስፈራቱ ይበዛል። እርሱን ካወጡ አራቱ ቀናት መተንፈሻ ያገኛሉ።

ከሐዋሳ እስከ ሮቤ ከ200 ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ የአስፋልት መንገድ ነው፤ ይሁን እንጂ ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ቀኑን ሙሉ ለመንገዱ ቢሰጥ አይቆጭም። ከሻሸመኔ ወጥተው ወደ ኮፈሌ ሽቅብ ሲሉ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ አረንጓዴው ይሰፋል፣ ከዶዶላ እስከ አዳባ ደግሞ ብርድ ልብስ የተከናነቡ ፈረሰኞች ከአስፋልቱ ዳር ዳር ሲጋልቡ ያያሉ። ለልጅዎ ከዚህ የበለጠ ትርኢት የለም። ከአዳባ አልፈው ዲንሾ ከመድረስዎ በፊት መንገዱ የጋይሳይን ሣር ሜዳ ያቋርጣል። እዚያ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ከደረሱ፣ ከመኪናው ሳይወርዱ ኒያላ የምንለውን የደጋ አጋዘንና ከርከሮን ከነልጆቹ ማየት ይቻላል። አሮጌ አሥር ሳንቲም ቤት ውስጥ ካለ ይያዙ፤ በላዩ ላይ የተቀረጸው አጋዘን ያው ስለሆነ ልጅዎ እያነጻጸረች ትፈልገዋለች። የእኔ ልጆች በዚህ ጨዋታ መንገዱን ሁሉ ረስተውታል።

ማደሪያን በተመለከተ ግን ዲንሾን አልመክርም። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደው ሮቤ ቢያድሩ 2,500 ሜትር አካባቢ ይሆናሉ፤ የጥር ሌሊት ብርድም በዚያው መጠን ይቀንስልዎታል። በሁለተኛው ቀን ማለዳ ወደ ዲንሾ ተመልሰው፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የመግቢያ ክፍያውን ከፍለውና አስጎብኚ ይዘው በጥዱና በኮሶው ጫካ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ይሂዱ። ደረሰኙን እንዳይጥሉት፣ ሳነቴ ሲወጡ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ነርስ፣ የሁለት ልጆች እናት

የምሠራው በሕፃናት ክፍል ስለሆነ በከፍታው ጉዳይ ላይ ብቻ ልጻፍ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በላዩ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር በላይ በማንኛውም ሰው ላይ ሊከሰት ይችላል። ትልቅ ሰው «ራሴን አመመኝ» ብሎ ይናገራል፤ የሦስት ዓመት ልጅ ግን መነጫነጭ፣ ምግብ እንቢ ማለት፣ መጫወት መተውና ማስመለስ ብቻ ነው የምታሳየው። የእርስዎ ልጅ ደግሞ በመኪና የምታስመልስ ስለሆነች ሁለቱ እንዳይምታቱብዎ እፈራለሁ። መለያው ይኸውልዎ፦ የመኪና ማቅለሽለሽ ከሆነ መኪናው ቆሞ ንጹሕ አየር ስታገኝ ብዙም ሳይቆይ ይለቃትና መሮጥ ትጀምራለች፤ ከቆማችሁ በኋላም ማስመለሱ ከቀጠለና ልጅቱ ፈዛ ከተቀመጠች ግን፣ «ትንሽ እንያት» ሳትሉ ወዲያውኑ ወደ ታች ውረዱ። ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። ከወረዳችሁም በኋላ ካልተሻላት፣ ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም ከእንቅልፍ አልነቃ ካለች በአቅራቢያ ወዳለ ሐኪም ቤት ውሰዷት።

ከከፍታው ላይ መተኛትና ለአጭር ጊዜ ወጥቶ መመለስ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ሳነቴ የሚወጣ ከሆነ ሁለት ሌሊት ሮቤ ወይም ጎባ ካደራችሁ በኋላ በሦስተኛው ቀን ይሁን፤ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይዘል ቆይታ ይበቃል። በዚያው ሳምንት ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ከነበረባት ደግሞ ሐኪም ሳያያት አትውጡ። አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ቆብ ያስፈልጋታል። የማስመለሱን ነገር ለማቅለል ሆዷን ባዶ አታድርጉት፣ ግን ቅባት የበዛበት ጨጨብሳ አብልታችሁ ጠመዝማዛ መንገድ አትጀምሩ፤ ዳቦ ቆሎና ሙዝ ይሻላሉ። መኪናው እየሄደ ስልክ እንድታይ አትፍቀዱላት። በመንገድ ዳር የሚቀርብ ወተትም፣ ምንም ያህል ትኩስ ከላም የታለበ ነው ቢሏችሁ፣ ሳይፈላ አይሰጣት።

የአዳማ አባት

ከእኔ በፊት የጻፉት ሁለቱም በትሕትና ያለፉትን ነገር ልናገር፦ ሳነቴን ተዉት። እኛ ከአዳማ ተነሥተን በአሰላና በበቆጂ በኩል አድርገን፣ የአራት ዓመት ልጃችንን ይዘን በነሐሴ ወር ሄደን ነበር። ከጎባ ስንወጣ ጭጋጉ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ያለውን እንኳ ከለከለን። ልጁ ከኋላ ሆኖ «ቀበሮው የታለ?» እያለ ያለቅሳል፤ እኔ ደግሞ ትንሿ መኪናዬ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ኮረኮንቹን ስትወጣ ሞተሯን እሰማለሁ። ቀይ ቀበሮ አላየንም። ያረፍንበት ማረፊያ ሙቅ ውኃ አለ ብሎ አስከፍሎን ማታ ላይ «መብራት ስለጠፋ» አለን፣ ልጁም ያስመለሰበትን ልብስ እንደለበሰ በጋቢ ተጠቅልሎ አደረ። ዛሬ ስለዚያ ጉዞ ሲጠየቅ የሚያወራው ዲንሾ ላይ ጅራቱን እንደ አንቴና አቁሞ ስለሮጠው ከርከሮና ዶዶላ ላይ ስለነካው ፈረስ ብቻ ነው። ሳነቴ ለእኛ ለወላጆች ነው የሚያምረን፤ ልጁ አልጠየቀም።

የጎባ ሾፌር

ወንድሜ፣ በነሐሴ ሳነቴ ወጥቶ ጭጋግ አጋጠመኝ ማለት በክረምት ወጥቶ ዝናብ መታኝ እንደማለት ነው። ጠያቂዋ የሚሄዱት በጥር ነው። በጥር ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ቀኑ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል የሚያድነው ደግሞ በቀን ስለሆነ፣ ከአስጎብኚ ጋር ለሄደ ሰው የማየት ዕድሉ መልካም ነው። ጅባራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል በሜዳው ላይ እንደ ሰው ቆሞ ሲታይ ልጅም ይገረማል።

በመኪናው ጉዳይ ግን እስማማለሁ። ከጎባ ወደ ላይ ያለው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ የትንሽ ቤንዚን መኪና ጉልበት ይደክማል፤ ስትወርድ ደግሞ ፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ያግላል፣ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ አለበት። ስለዚህ ቪትዟን ጎባ አቁማችሁ ለግማሽ ቀን ከነሾፌሩ ባለ አራት ጎማ መኪና ተከራዩ። ሐረና ወርዶ ማደሩ ይቅርባችሁ፤ ሲመለሱ አምባውን እንደገና መውጣት ግድ ይላል። ነዳጅ ሻሸመኔ ላይ ሙሉ፤ የሚከፈለው እንደ ቴሌብር ባለ የስልክ ክፍያ ስለሆነ የስልካችሁን ባትሪ በልጅቱ ካርቱን አትጨርሱት። ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ምሽትም መናኸሪያ ሄዳችሁ የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ከሮቤ የመጡ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ ከጨለመም በኋላ አትንዱ፣ ከብቱም ባጃጁም መብራት የለውም።

የሐይቅ ዳር እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሶፍ ዑመርንና ሐረናን ሰርዘናል፤ ሁለቱን ሌሊት ሮቤ፣ ሦስተኛውን ጎባ እናድራለን። ሳነቴን በተመለከተ ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጅቱ ቁርሷን በደንብ ከበላችና እንደ ልማዷ ከተጫወተች መኪና ተከራይተን እንድንወጣ፣ ካልሆነ ግን ከሁለታችን አንዳችን ብንለምን እንኳ እንዳንወጣ ነው። የአዳማው ወንድም የጻፉትን ለአማቴ አነበብኩላቸው። ሳቁና ጋቢያቸውን አውጥተው ሰጡኝ፤ አሥር ሳንቲሙንም ያገኘነው ከእርሳቸው ሣጥን ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ከሻሸመኔ እስከ ዶዶላ ባለው መንገድ ልጅ ለማስቆሚያ የሚመች ቦታ የት ነው? ፖፖዋን ይዘናል።

የጎባ ሾፌር

ኮፈሌን እንዳለፋችሁ ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ለመቆም ይመቻል። ልጅቱን በሜዳው በኩል ባለው በር አውርዷት።