የጉድጓድ ውሃችን ተበክሏል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖቼ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ከአንድ የጦር ሰፈር አጠገብ ነው። ውሃችን የሚመጣው ከራሳችን ጉድጓድ ነው። ከሦስት ወር በፊት የምርመራ ውጤት ደረሰን፦ ፒኤፍኦኤስ የሚባለው ኬሚካል በሊትር 31 ናኖግራም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 ለሕዝብ የመጠጥ ውሃ ያወጣው ጣሪያ 4 ነው።

ምንጩ የእሳት ማጥፊያ አረፋ ነው ይላሉ። በጦር ሰፈሩ ለዓመታት እሳት ማጥፋት ሲለማመዱበት ወደ መሬት ሰርጓል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ብርጭቆ ውስጥ ሳየው ጥርት ያለ ነው። በዚሁ ውሃ ሊጥ አብኩቻለሁ፣ ቡና አፍልቻለሁ። የስምንት ወር ለሆነው ልጄም የጡጦ ወተት በጥብጬበታለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። እናቴ «አፍልተሽ አጠጪው» ትለኛለች። ማፍላት ግን ጀርም ይገድላል እንጂ ይሄን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ኬሚካሉ ይበልጥ ይከማቻል።

አሁን የታሸገ ውሃ እየገዛን ነው፤ ኪሳችን ግን አልቻለም። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያ ይቀንሰዋል አሉኝ። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያስገጠመ አለ? ማጣሪያውን በስንት ጊዜ ትቀይራላችሁ? ወጪውን የጦር ሰፈሩ እንዲሸፍንለት ጠይቆ የተሳካለትስ? እኔ ደብዳቤ ከጻፍኩ ሁለት ወር ሆነኝ፤ መልስ የለም። የልጁን ደም ያስመረመረ ወላጅ ካለም፣ ሐኪሙን ምን ብላችሁ እንደጠየቃችሁት እባካችሁ ንገሩኝ።