ጥቆማ፦ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ቤቱን ማን ይፈትሽልን?

ጠያቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሰሚት አካባቢ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አይተን ወደነዋል። ሻጩ ከተሠራ 12 ዓመቱ ነው ብለውናል። ቀብድ ልንከፍል ሁለት ሳምንት ቀርቶናል። ከዚያ በፊት የሚፈትሽልን ሰው እንፈልጋለን። አንደኛው በግሉ የሚሠራ መሐንዲስ ነው፤ በጽሑፍ ሪፖርት ይሰጣል፤ የጠየቀን ግን የአንድ ወር ኪራያችንን ያህላል። ሁለተኛው የባለቤቴን ወላጆች ቤት የሠራ ግንበኛ ነው፤ ገንዘብ አይቀበለንም። ሦስተኛውን ደላላው «በነፃ አመጣላችኋለሁ» ብሎናል። ሞክራችሁ የምታውቁ ንገሩን፤ የመሐንዲሱ ክፍያ ያዋጣል?

ከሲኤምሲ፦
እህቴ፣ ቀብድሽን ያዢ። እኛ ቤታችንን የገዛነው በየካቲት ነበር። አዲስ ቀለም ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ያበራል። መሐንዲስ እንያዝ ብዬ ነበር፤ ዘመድ ሁሉ «ለማየት ምን ይከፈላል?» አለኝና ተውኩት። ሐምሌ ሲገባ የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ አለ። አናጢ ጠርተን አስላግነው። ጥቅምት ላይ መሬቱ ሲደርቅ ያው በር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ፈጠረ። ከበሩ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ኮርኒሱ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅም ታየ። ቀለሙን ፍቀን ብናይ ከሥሩ የቆየ ጀሶ አለ። ስንጥቁ ድሮም ነበረ፤ ደፍነው ቀብተውበታል። በኋላ የጠራነው መሐንዲስ ጥቂት ቆፍሮ ምክንያቱን አሳየን፦ ጥቁር ዋልካ። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። መሠረቱ የተጣለው አፈሩ ሳይቀየር ነው። ለጥገና ባወጣነው ገንዘብ አሥር መሐንዲስ እንከፍል ነበር።

ከአያት፦
በስመ አብ! የእኔም ሳሎን እንደዚሁ ጀምሯል። ጥገናውን እንዴት አደረጋችሁት? ቀለም ቀቢው ጀሶ ይበቃዋል ይለኛል።

ከሲኤምሲ፦
ጀሶ አይበቃውም፤ በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል። እኛ የጣሪያውን ውኃ በአሸንዳ ሰብስበን ከመሠረቱ አራቅነው፤ ቤቱን ዙሪያውን በኮንክሪት አስነጠፍን፤ ግድግዳው ሥር የነበሩትን ዛፎችም ነቀልን። ስንጥቁ ቆሟል፤ በሩ ግን ዛሬም በክረምት ይይዛል።

ከጉለሌ፦
እኔ ግንበኛውን እመክራለሁ። የእኛ ግንበኛ የአባቴን ቤት ከሠራ 20 ዓመት አለፈው፤ አንድ ቀን አላፈሰሰም። ግድግዳውን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ሁሉን ይነግርሃል። ወረቀት ያለው ሁሉ አዋቂ አይደለም።

ከሲኤምሲ፦
ወንድሜ፣ የእኛንም ቤት አንድ ጥሩ ግንበኛ መታ መታ አድርጎ «ድንጋይ ነው» ብሎናል። ጉለሌ ተዳፋት ነው፤ የሰሚትና የቦሌ አፈር ሌላ ነው።

ከጉለሌ፦
የእናንተው ግንበኛ አይሆንማ። የእኛ ቢያየው ያውቀው ነበር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኛ ባለንበት በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ቤት ፈታሽ የሚሆነው ከክልሉ መንግሥት ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው። ገዢው ውሉ ላይ ካስገባው፣ ፈተሻው ካላማረው በተወሰነ ቀን ውስጥ ገንዘቡን ይዞ ይወጣል። በሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የግል ቤት ሲሸጥ ሬዶን የተባለው ከመሬት የሚወጣ ጋዝ መለካት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ደግሞ ገዢው የእርሳስ ቀለም የሚያስመረምርበት 10 ቀን ይሰጠዋል። ባንኩ የሚልከው ዋጋ ገማች ግን ፈታሽ አይደለም፤ እኔ አንድ ነው ብዬ ልሳሳት ነበር።

ከሳሪስ፦
እናቴ፣ መልካም ነው፤ ልጅቷ የምትገዛው ግን ሰሚት ነው። ሬዶኑ ይቆየንና ደላላው «በነፃ» የሚያመጣው ሰው ምሳውን ከማን እንደሚበላ ጠይቁት። ቤቱ ካልተሸጠ ደላላው ኮሚሽን የለውም። ያ ሰው ስንጥቅ ቢያገኝ ለማን ይናገራል?

ከመገናኛ፦
ከስንጥቅ በፊት ካርታውን! ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን አጣሩ። የግቢውን ስፋትም በሜትር ለክታችሁ ከካርታው ጋር አስተያዩ። ጓደኛዬ የገዛው ሰርቪስ ቤት ግማሹ የጎረቤት ይዞታ ላይ ነበር።

መሐንዲስ ነኝ፦
ካርታውም ቤቱም ይታያል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ማንንም ብትመርጡ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስንጥቁን ከቀብድ በኋላ ብታገኙት እጃችሁ ታስሯል ማለት ነው።

መሐንዲሱን ደግሞ ምን ምን እንደሚያይ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ከመሠረቱ አጠገብ ጉድጓድ አስቆፍሮ አፈሩን ያያል? የኮንክሪቱን ጥንካሬ ሽሚት ሃመር በሚባለው መሣሪያ ነካ አድርጎ ይለካል? ጣሪያ ላይ ይወጣል? «በዐይን አይቼ እጽፋለሁ» ካለ የአንድ ወር ኪራይ አይገባውም።

አንዳንዱን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪውን ተመልከቱ፤ ከዞረ የሆነ ቦታ ውኃ እየፈሰሰ ነው። ሻጩን አስፈቅዳችሁ የእንጀራ ምጣድ ለግማሽ ሰዓት አብሩ። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። ሶኬቱ ከሞቀ ወይም ላስቲክ ላስቲክ ከሸተተ ወዲያው አጥፉት፤ መስመሩ ቀጭን ነው ወይም አንድ ቦታ ላልቷል። አንድ ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ቁም ሳጥን ካለ አስነሡት።

ከጉለሌ፦
ምጣዱን ግንበኛውም ያውቃል።

ከአያት፦
መሐንዲስ፣ ለእኔ ሳሎን መምጣት ይችላሉ? ጀሶውን አስቁሜዋለሁ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ዝናቡ እንዳባራ ሄድን። ውኃ ቆጣሪው አይዞርም። ላይኛው ፎቅ መኝታ ቤት ውስጥ ግን ግድግዳውን ሙሉ የሚሸፍን ቁም ሳጥን አለ። እንዲነሣልን ስንጠይቅ ሻጩ «ከባድ ነው፣ ይሰበራል» አሉን። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ሲዳብስ ጣቱ ነጭ ዱቄት ይዞ ወጣ። ረቡዕ ሰው ይዘን እንመለሳለን።

ከሲኤምሲ፦
ማንን ይዛችሁ?