የድሮ ካምፐር ጋዝ ጠዋት ጠዋት ይሸታል፣ ፍሪጁም አይቀዘቅዝም

አሳና ቡና (ሐዋሳ)፦
ሰላም ቤተሰብ። የጋዝ ነገር የምታውቁ እስኪ ምከሩኝ።

አጎቴ ድሮ ከአንድ ጀርመናዊ የገዛት መርሴዲስ 508 አለች፣ እ.ኤ.አ. የ1978 ምርት። ውስጧ ቤት ነው፤ አልጋ አላት፣ ባለ ሁለት ዓይን ምድጃ አላት፣ በጋዝ የሚሰራ ፍሪጅም አላት። ሐይቁ ዳር አቁሜ ቡና እሸጥባታለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የተጠበሰ አሳ።

ሰሞኑን ጠዋት በሩን ስከፍት ጋዝ ይሸተኛል። ጎረቤቴ «የአሳው ሽታ ነው» ትለኛለች። ኧረ እኔ አሳን ከጋዝ ለይቼ አውቃለሁ! ፍሪጁ እንዲሰራ ብዬ ሲሊንደሩን ሌሊትም ክፍት አሳድረዋለሁ። እሱም ቢሆን አልሆነልኝም። ጎንበስ ብዬ ሳያት ፍሪጁን የምታሰራዋ እሳት የጥፍሬን ጫፍ አታክልም። ከአሞራ ገደል በማለዳ ያመጣሁት አሳ ከሰዓት ላይ ይለሰልስብኛል።

የጀርመኑ ሬጉሌተር (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው) ከኛ ባለ 12.5 ኪሎ ሲሊንደር ጋር አልገጥም ስላለ፣ ጋራዥ ወስጄ የቤት ሬጉሌተር አስገጥሜያለሁ። መካኒኩ አሁን «የፍሪጁን ኖዝል፣ ጋዙ የሚወጣባትን ጠባብ ቀዳዳ፣ በመርፌ ሰፋ እናድርገው» ይላል። ምግብ ቤት ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ «የትልቁን ምድጃ ሬጉሌተር ግጠሚና ተገላገይ» ባይ ነው። ማንን ልስማ?

ባለ ባጃጁ፦
ስለ ካምፐር አላውቅም። ግን ሽታ እያለ ክብሪት እንዳትጭሪ። ሲሊንደሩን ዝጊና ለጊዜው ቡናሽን ውጭ በከሰል አፍዪ። እንደውም ደንበኛ ይበዛልሻል።

ጋሽ ፒንሳ (አዳማ)፦
ሁለቱንም አትስሚ። የሆቴል ጋዝ ስዘረጋ ነው የኖርኩት፣ ካምፐርም ሁለቴ ገጥሞኛል። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ። ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ሳጥን ወለሉ ላይ ቀዳዳ አለው?

አሳና ቡና፦
አለው ጋሼ። አይጥ እየገባ ሲያስቸግረኝ በጨርቅ ጠቅጥቄዋለሁ። ምነው?

ጋሽ ፒንሳ (አዳማ)፦
በይ አሁኑኑ ጨርቁን አውጪው! ቀዳዳው የተሰራው ለጋዙ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ከሚሞሉት ጋዞች ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት እጥፍ። ካመለጠ እንደ ውሃ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ መውጫ ካጣ እዚያው ይተኛል። ለአይጧ የሽቦ ወንፊት ይበቃታል።

ቀጥሎ ኦሞ በውሃ በጥብጪና አረፋውን በብሩሽ ከሲሊንደሩ አፍ ጀምረሽ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ቀቢ። ምድጃውንም ፍሪጁንም አጥፍተሽ፣ ሲሊንደሩን ለዚያች ሰዓት ብቻ ከፍተሽ፣ በርና መስኮቱን በርግደሽ። አረፋው ካበጠ እዚያ ጋ ያፈሳል። ጋዙ የሚሄድበትን ጎማም እጠፍ አድርገሽ እዪው፤ ከተሰነጣጠቀ አትጠግኚው፣ ቀይሪው። የመዳብ ወይም የብረት ቧንቧው በቀለበት ተጨምቆ የሚገጥምበት ቦታ ላይ ቴፍሎን (ስሷን የቧንቧ ቴፕ) እንዳይጠመጥሙብሽ። እዚያ ብረት ለብረት ነው የሚይዘው። ነጩ ቴፍሎን ደግሞ የውሃ ነው።

አሁን ወደ እሳቷ። የፍሪጁ በር ውስጥ ወይም ጀርባው ላይ የተለጠፈች ሳህን አለች፤ «50 ሚሊባር» ትላለች ብዬ እገምታለሁ፣ የጋዙ ግፊት ማለት ነው። የዚያ ዘመን የጀርመን ካምፐር በ50 ነበር፣ አዲሶቹ ናቸው ወደ 30 የወረዱት። የቤት ሬጉሌተርሽ 30 ገደማ ከሆነ እሳቷ ማነሷ አይገርምም። መፍትሔው ሳህኗ የምትለውን የሚሰጥ፣ አፉም ከኛ ሲሊንደር የሚገጥም ሬጉሌተር ነው። የትልቁ ምድጃ ግን ግፊቱ ሌላ ነው፤ የመኪናዋ የጋዝ ጎማና ቫልቭ አይችለውም።

ኖዝሏን በመርፌ የሚነካ ሰው ካለ እጁን ያዢው። ቀዳዳዋ በጣም ጠባብ ናት። ከሰፋች እሳቱ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸት ያመጣል፣ የማይሸት የማይታይ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይተፋል። ከቆሸሸች ፈትተሽ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፊና በአየር አስነፊያት፣ ጎሚስታ ጋ ኮምፕረሰር አለ። ሸረሪት እዚያ ውስጥ ድር ማድራት ትወዳለች፤ አንዴ የአንዱን ሰውዬ ፍሪጅ ግማሽ ቀን ስፈታ ውዬ ያገኘሁት ድር ብቻ ነበር።

ድንኳን ወዳድ፦
ጋሽ ፒንሳ የረሱት አለ። ያ ፍሪጅ እንደ ቤታችን ፍሪጅ ኮምፕረሰር የለውም። የእሳቷ ሙቀት ነው ውስጡ ያለውን ማቀዝቀዣ፣ አሞኒያውን፣ የሚያዞረው፣ ስለዚህ መኪናዋ ካዘነበለች አይሰራም፣ እያደርም ይበላሻል። ሐይቅ ዳሩ ተዳፋት አይደል? ፍሪጁ ውስጥ ሲኒ ሙሉ ውሃ አስቀምጪና ወዴት እንደሚያጋድል እዪ።

አሳና ቡና፦
ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ጨርቁን ሳወጣ ሽታው ጭንቅላቴን መታኝ፤ ሌላ አልጨምርም።

አረፋው ከሬጉሌተሩ ወጥቶ አንድ ጣት ሳይርቅ የጋዙ ጎማ ላይ አበጠ። እንደ አሳ ዓይን ፍጥጥ ብሎ፣ ይፈነዳል፣ ደግሞ ያብጣል። ጎማውን ሳጥፈው ቆዳው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። አዲስ አስገባሁ፣ ደግሜ ቀባሁ፣ ዝም አለ። ጋሼ፣ ሳህኗ እንዳሉት 50 ትላለች። ሬጉሌተሩን ከጀርመን የምትመጣ ዘመዴ ከነመገጣጠሚያው ታመጣልኛለች።

ሲኒዋም አጋድላለች። በመኪናዋ የኋላ ጎማ ሥር ሁለት ጣውላ ገብቶላታል። እስከዚያው አሳው በበረዶ፣ ሲሊንደሩም ማታ ማታ ዝግ ነው። መካኒኩ ግን መርፌውን ይዞ ዛሬም መጥቶ ነበር።