ለአክስቴ ልጅ የመቅኒ ንቅለ ተከላ ገንዘብ ማሰባሰብ የምንጀምረው መቼ ነው?

ጠያቂ፣ ከመሐል ሜዳ፦
ጤና ይስጥልኝ። የአክስቴ ልጅ የ17 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ከአምስት ወር በፊት ከድዱና ከአፍንጫው የሚፈሰው ደም አልቆም ብሎ አዲስ አበባ ስንወስደው፣ ሕመሙ አፕላስቲክ አኒሚያ መሆኑን፣ ማለትም የአጥንቱ መቅኒ ደም ማምረት እንደተሳነው ሐኪሞች ነገሩን። ውጭ አገር ሄዶ ንቅለ ተከላ እንዲደረግለትም ተመክረናል። እድሩና ሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ለማሰባሰብ ተዘጋጅተዋል፤ ሆኖም መቅኒ የሚለግሰው ሰው ገና አልታወቀም። ሦስት ታናናሾች አሉት። ሕዝቡን መለመን የሚገባን አሁን ነው ወይስ ለጋሹ ከታወቀ በኋላ?

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን፦
እግዚአብሔር ይማርላችሁ። ነርስ ነኝ፤ በእኔ አስተያየት የታናናሾቹ ምርመራ ይቅደም። ከአንድ እናትና አባት የተወለደ እያንዳንዱ ልጅ ከታማሚው ጋር ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ 25 በመቶ ስለሆነ፣ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ የመገኘቱ ዕድል ከግማሽ በላይ ነው። የሚታየው የሁለት ሰዎች ሕብረ ሕዋስ መግጠሙን የሚለየው ኤች ኤል ኤ የሚባለው ምርመራ እንጂ የደም ዓይነት ስላልሆነ፣ የደማቸው ዓይነት ቢለያይ ተስፋ አትቁረጡ። ማንም ባይገጥም ከወላጅ በግማሽ የሚገጥም መቅኒ መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን ሕክምናውም ወጪውም ይለወጣል። አሁን አንድ የገንዘብ መጠን ተናግራችሁ ከወር በኋላ ሌላ ብትጠሩ፣ እውነት ይዛችሁ ሳለ ትጠረጠራላችሁ።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ግን ሌላ ነው፤ ደም ባስፈለገው ቁጥር ወላጆቹና ታናናሾቹ የራሳቸውን እንዳይሰጡት። ሰውነቱ የሥጋ ዘመዶቹን ደም መቃወም ከጀመረ፣ በኋላ የሚተከልለትን መቅኒ የመግፋት አደጋው ይጨምራል። ሐኪሙን ጠይቁ፤ ጎረቤቱ ለደም ባንክ ይለግስ።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
በነርሷ ምክር እስማማለሁ፤ ነገር ግን ምርመራውና መመላለሻውም ገንዘብ ስለሚጠይቁ፣ ለዚህ የሚሆነውን እድሩ ከካዝናው ዛሬውኑ ቢያወጣ መልካም ነው። የእኅቴን ልጅ ስናሳክም ትልቁ ስሕተታችን ሆስፒታሉ የጻፈልንን ዋጋ ብቻ መለመናችን ነበር። ከንቅለ ተከላው በኋላ 100 ቀን ያህል ከሆስፒታሉ አጠገብ መቆየት ግድ ስለነበረ፣ የታማሚው፣ የለጋሹና የአስታማሚው ኪራይና ቀለብ አልቆብን እኅቴ ጥማድ በሬዎቿን ሸጠች። ሒሳቡ በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ይከፈት፤ አንዱ ከእድሩ፣ አንዱ ከቤተሰቡ፣ አንዱ ሕዝቡ ከሚያምነው ሽማግሌ ይሁን። የሜዲካል ቦርዱን፣ ማለትም ታማሚው ውጭ አገር መታከም እንዳለበት የሚያረጋግጠውን የሐኪሞች ቡድን፣ ማስረጃ ለባንኩ የውጭ ምንዛሬ ጥያቄም ስለሚጠቅማችሁ በእጃችሁ ያዙ፤ የልጁ ፎቶ ግን ከሒሳብ ቁጥሩ ተለይቶ እንዳይለጠፍ፣ የእኛን ፎቶ ወስዶ የራሱን ቁጥር የጻፈበት ሰው ነበርና።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልን። ታናናሾቹን ሰኞ ለምርመራ እንወስዳለን፤ ትልቁ ልመና ውጤቱ እስኪታወቅ ይቆያል። አባቱ ነገ ደም ሊሰጠው ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይሰጥ አሁን ደውዬ ነግሬዋለሁ።