ክርክር፦ ኖርተን ለ19ኛ ጊዜ ይወዳደሩ ወይስ ይብቃቸው? (ጥቅምት 2025፤ ተከራካሪዎቹ በሰፈራቸው ስም ተጠርተዋል)

ሾው፦ ኤሊኖር ሆምስ ኖርተን ከጥር 1991 ጀምሮ የዲሲ ዴሌጌት፣ ማለትም ዋሽንግተን ዲሲን ወክለው በኮንግረስ ታችኛው ምክር ቤት (ሀውስ) ያለ ሙሉ ድምፅ የሚቀመጡ ተወካይ ናቸው። 18ኛ የሥራ ዘመናቸው ላይ ናቸው፤ በሰኔ 88 ዓመት ሞላቸው፤ በ2026ም እወዳደራለሁ ብለዋል። የረጅም ጊዜ አጋራቸው ዶና ብራዚል ሳይቀሩ «ይብቃዎት» የሚል ጽሑፍ አውጥተዋል። እኔም ይብቃቸው ባይ ነኝ። ምክንያቴ ግን ዕድሜ ብቻውን አይደለም፣ የወንበሩ ጠባይ ነው። ድምፅ ያለው የኮንግረስ አባል ቢደክምም አዳራሹ ደርሶ ካርዱን ካስገባ ድምፁ እንደ ማንም ይቆጠራል። የዲሲ ዴሌጌት ግን በሕግ ማጽደቂያው ላይ ድምፅ የለውም። ያለው መሣሪያ እግሩና አንደበቱ ነው፦ ኮሪደር ላይ ሰው መያዝ፣ ስልክ መደወል፣ ካሜራ ፊት መቆም። ስለዚህ የጉልበት ሥራ ነው ብል አላጋነንኩም።

ፔትዎርዝ፦ ወንድሜ፣ ግማሹን ብቻ ነው የተናገርከው። ዴሌጌት ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ ይሰጣል፣ ማሻሻያ ያቀርባል፣ ንዑስ ኮሚቴም ይመራል። እዚያ ደግሞ ቆይታ ገንዘብ ነው። ኖርተን ዴሞክራቶች ሀውስን በያዙበት ከ2019 እስከ 2022 የመንገድና ትራንዚት ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። አዲስ ሰው ሲገባ ወረፋው ጫፍ ላይ ይቆማል። ዴሞክራቶች በ2026 ሀውስን ከመለሱ፣ በጥር 2027 የ36 ዓመት ቆይታ ያለው ዴሌጌት መያዝና ጀማሪ መያዝ እኩል ነው ልትለኝ ነው?

ሌላው ቀርቶ በ1993 ዴሌጌቶች በሀውሱ «የሙሉ ጉባኤ ኮሚቴ»፣ ማለትም አባላቱ ሁሉ ተሰብስበው ማሻሻያዎችን በሚያዩበት መድረክ፣ ድምፅ እንዲሰጡ ያስደረጉት እሳቸው ናቸው። ገና ሁለተኛ ዘመናቸው ነበር።

ሾው፦ የጠቀስሽው ምሳሌ እኮ ለእኔ ይመሰክራል። ያንን ያስገኘው ቆይታ ሳይሆን የአዲስ ሰው ጉልበት ነው። ያም ድምፅ በ1995 ተነጠቀ፣ በ2007 ተመለሰ፣ በ2011 ተነጠቀ፣ በ2019 ተመለሰ። በእነዚያ ዓመታት ሪፐብሊካን ሲገባ ይሄድ፣ ዴሞክራት ሲገባ ይመጣ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ማን እንዳለ አልጠየቀም። ደግሞም ውጤቱን የወሰነው የዴሌጌቶች ድምፅ ሆኖ ከተገኘ፣ እነሱ ወጥተው ወዲያው ድጋሚ ይቆጠራል። ሲያስፈልግ የማይሠራ ድምፅ ማለት ነው።

ብራይትዉድ፦ ሁለታችሁም ዋናውን ሥራ ዘለላችሁት። ዋናው ሥራ መከላከል ነው። ዲሲ ራሱን እንዲያስተዳድር በፈቀደው በ1973ቱ የሆም ሩል ሕግ መሠረት የዲሲ ካውንስል ያጸደቀው ሕግ ወደ ኮንግረስ ይላካል፤ 30 የኮንግረስ ቀን ይጠብቃል፣ የወንጀል ሕግ ከሆነ 60። ኮንግረስ የማይሰበሰብበት ቀን ስለማይቆጠር 30ው ቀን ወራት ይፈጃል። በዚያ መሀል ሁለቱም ምክር ቤቶች ውድቅ አድርገውት ፕሬዚዳንቱ ከፈረመ ሕጉ ይሞታል። የዴሌጌቱ ተግባር ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የገዛ ፓርቲውን ሰዎች አንድ በአንድ ቆጥሮ መያዝ ነው።

አሁን 2023ን ተመልከቱ። አዲሱ የወንጀል ሕግ በየካቲት ሀውስ ላይ 250 ለ173 ወደቀ፣ 31 ዴሞክራቶች ከሪፐብሊካኖች ጋር ቆመው። በዚያው ቀን ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎች በከተማ ምርጫ እንዲመርጡ የሚፈቅደውን ሕግ ለመሻር 42 ዴሞክራቶች ድምፅ ሰጡ። ይሄኛው የእኛን ሰው በቀጥታ ይነካል፤ ግሪን ካርድ ያለው የዲሲ ነዋሪ ለከንቲባና ለካውንስል የሚመርጠው በዚህ ሕግ ነው። የተረፈው ሴኔት ስላላነሳው እንጂ ሀውስ ውስጥ ስለተከላከሉት አይደለም።

ፔትዎርዝ፦ የ2023ቱን ኪሳራ በእሳቸው ላይ መለጠፍ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሀውስ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ኋይት ሀውስ መሻሩን እቃወማለሁ ብሎ በጽሑፍ አውጥቶ ነበር። በመጋቢት መጀመሪያ ባይደን እፈርማለሁ አሉ። የካውንስሉ ሊቀመንበር ሕጉን ልመልሰው ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፣ ሴኔት አልሰማውም፣ 81 ለ14 ጣለው። ከንቲባዋ ራሷ ቀድማ ሕጉን በቬቶ መልሳው ነበር፣ ያጸደቀው ካውንስሉ ቬቶውን ሽሮ ነው። ቤቱ ውስጥ ሁለት ድምፅ እየተሰማ በር ላይ የቆመ ምን ይበል?

እንቁጠር ካላችሁ ደግሞ ሌላውንም ቁጠሩ። በ1999 የወጣውን የኮሌጅ ክፍያ ድጎማ፣ «ዲሲ ታግ» የምንለውን፣ ያስገኙት እሳቸው ናቸው። የዲሲ ልጅ በሌላ ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲማር ልዩነቱን በዓመት እስከ 10,000 ዶላር እንዲሸፈንለት ነው የተጀመረው። ያኔ ሀውሱም ሴኔቱም በሪፐብሊካን እጅ ነበር። ዲሲን 51ኛ ስቴት የሚያደርገውን ረቂቅም በ2020 በ232 ለ180፣ በ2021 በ216 ለ208 ሀውስን አሳልፈዋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ያገሬ ሰው። አለመልቀቃቸው ለዚህ ይሆናል።

ብራይትዉድ፦ ጋሼ፣ ተረቱ አለቦታው ነው። እሳቸውን በመብላት የከሰሳቸው የለም። ደግሞ እርስዎ ሜሪላንድ ሆነው በዲሲ ምርጫ ምን አገባዎት?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እሺ ተረቱን መልሼዋለሁ። ግን ወንዙን ተሻግራችሁ ፌርፋክስን እዩ። የዚያ የቨርጂኒያ አካባቢ የኮንግረስ አባል፣ ዴሞክራቱ ጄሪ ኮኖሊ፣ በታመሙ ጊዜ እንደማይወዳደሩ አስታወቁ፣ ወንበሩን ግን ሳይለቁ ግንቦት 21 ቀን 2025 አረፉ። በማግስቱ ትልቁ የታክስና የበጀት ረቂቅ ሀውስን በ215 ለ214 አለፈ። በዚያው ዓመት ከእሳቸው በፊት ሁለት ዴሞክራቶች፣ የቴክሳሱ ተርነርና የአሪዞናው ግሪሃልቫ፣ አርፈው ነበር። የኮኖሊ ወንበር ሰው ያገኘው መስከረም 9 ቀን በተደረገ ልዩ ምርጫ ነው። እዚያ አካባቢ ስንት ሐበሻ እንዳለ ታውቃላችሁ።

ፔትዎርዝ፦ የዲሲ ወንበር ድምፅ ስለሌለው 215 ለ214ን አይለውጥም። ምሳሌው አይገጥምም።

ሾው፦ ቆጠራው ላይ አይገጥምም፣ ቢሮው ላይ ይገጥማል። ወንበሩ በሞት ሲለቀቅ ቢሮው በሀውስ ጸሐፊ ሥር ይሆናል። ሠራተኞቹ ደመወዝ ያገኛሉ፣ የነዋሪ ጉዳይ ይከታተላሉ፣ ግን ለዲሲ አቋም ይዘው መሟገት አይችሉም። ያንን በዘንድሮው መጋቢት ላይ አስቡት፤ የፌዴራሉ ጊዜያዊ በጀት ዲሲ የራሱን በጀት እንዲያወጣ የሚፈቅደውን የተለመደ አንቀጽ ጥሎ ከከተማው በጀት 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲያግድ። ሴኔት ማስተካከያውን አሳለፈ፣ ሀውስ ግን ለድምፅ ሳያቀርበው ቀረ። ወይም ነሐሴ ላይ፣ ፕሬዚዳንቱ በሆም ሩል አንቀጽ 740 ፖሊሱን ለ30 ቀን በእጃቸው ሲያደርጉ። ሰው በየቀኑ ካሜራ ፊት የሚቆም ዴሌጌት ፈለገ። ያየነው በአብዛኛው የጽሑፍ መግለጫ ነው።

ፔትዎርዝ፦ የጽሑፍ መግለጫው እውነት ነው፣ አልክድም። ነሐሴ ላይ እኔም ብዙ ጠብቄ ነበር።

ኮሎምቢያ ሃይትስ፦ ክርክሩን የሚፈታው ሰኔ 16 ቀን 2026 የሚደረገው ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው ዕጩውን የሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ፣ ስለሆነ ስለ እሱ ልናገር። ዲሲ ውስጥ ከአራት መራጭ ሦስቱ ገደማ ዴሞክራት ስለሆነ የኅዳሩ ምርጫ ለይስሙላ ነው። ፕራይመሪው ደግሞ ዝግ ነው፤ «ኢንዲፔንደንት» ብሎ የተመዘገበ አይመርጥም። ብዙ የእኛ ሰው ዜግነት በወሰደ ማግስት ሲመዘገብ ፓርቲ አልመረጠም፣ ከዚያ ሰኔ ላይ በር ላይ ይመለሳል። ፓርቲ መቀየር የሚቻለው ከምርጫው 21 ቀን በፊት ድረስ ነው።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። የከተማው ሕግ የሚፈቅድላችሁ ለከንቲባ፣ ለካውንስል፣ ለመሳሰሉት ነው። ዴሌጌት የፌዴራል ወንበር ስለሆነ አይፈቀድም። ለዜጋ ያልሆነ መራጭ የሚሰጠው ወረቀት ላይ የዴሌጌት ውድድር መኖር የለበትም። በስህተት የሌላ ሰው ወረቀት ከደረሳችሁ እንዳትሞሉት፤ በፌዴራል ውድድር መምረጥ የዜግነት ማመልከቻን ያበላሻል፣ ለመባረርም ይዳርጋል።

ሌላው አዲስ ነገር፣ በ2024 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው የደረጃ ምርጫ የሚጀምረው በዚህ ፕራይመሪ ነው። እስከ 5 ሰው በቅደም ተከተል ታስቀምጣለህ፤ ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ የመጨረሻው ይወጣና ድምፁ ወደ ሁለተኛ ምርጫው ይሄዳል። እስካሁን ተፎካካሪ ሲበዛ ተቃዋሚው ድምፅ ይበታተንና በወንበሩ ላይ ያለው ያሸንፍ ነበር። ያ ጥቅም ይቀራል። ስለዚህ ይወዳደሩ የምትሉ፣ ኖርተን የሚገቡበት ሜዳ ያለፉት 18 ጊዜ የገቡበት እንዳልሆነ እወቁት።

ፔትዎርዝ፦ እንግዲያው ይወዳደሩ፣ ሕዝቡ ይፍረድ።

ሾው፦ ተወዳድረው ቢሸነፉ ወይም ዘግይተው ቢተዉ ርክክቡ ላይ ችግር አለ። የነዋሪ ጉዳይ፣ ማለትም የዘገየ የቤተሰብ ቪዛ፣ የጠፋ ፓስፖርት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ክርክር፣ ፋይሉ የአባሉ ነው እንጂ የወንበሩ አይደለም። ባለጉዳዩ የፈረመው የፈቃድ ፎርም ለዚያ ቢሮ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ያለ እሱ ፈቃድ ወደ አዲሱ ቢሮ አይተላለፍም። ቀድመው ካስታወቁ ሠራተኞቹ ለየባለጉዳዩ እየደወሉ ፈቃድ የሚሰበስቡበት ወራት ይኖራቸዋል።

ፔትዎርዝ፦ በዚህኛው እስማማለሁ። ለማንኛውም እዚያ ቢሮ ጉዳይ ያለው ሰው የፎርሙን ቅጂና የኬዝ ቁጥሩን አሁኑኑ ይያዝ፤ ማን እንዳሸነፈ እስኪታወቅ አይጠብቅ።