ሞተሬ ይዞራል ግን አይነሳም፤ እስከ ትናንት ማታ ደህና ነበር

ባለ ናይትሮጂኑ

ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን ነኝ። የላም ማዳቀል ባለሙያ ነኝ፤ ገጠር የምዞረው የኮርማ ዘር የሚቀመጥበትን የናይትሮጂን ዕቃ በሞተር ጭኜ ነው። 125 ሲሲ፣ የሕንድ፣ ባለ ካርቡሬተር፣ አምስት ዓመቷ። ዛሬ ጠዋት አልነሳ አለችኝ።

ቅዳሜ ለፍልሰታ እናቴ ጋ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። ትናንት ስመለስ ደብረ ሲና ላይ ቤንዚን ልቀዳ ብል የሰልፉ ጅራት አይታይም። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጡ ልጆች አሉ፤ ከነሱ ሁለት ሊትር ገዛሁ። ጣርማ በር ላይ ያው የነሐሴ ዝናብ ተቀበለኝ። ታንኩ ውስጥ ውሃ እንዳይገባ ክዳኑ ሥር ፌስታል አድርጌ ዘጋሁት፣ እኔ ግን በሰበስኩ። ከተማው መግቢያ ላይ ትንሽ አነቅ አነቅ አደረጋት እንጂ ቤቴ በር ድረስ በራሷ ነው የገባችው።

ዛሬ ቁልፍ ስከፍት መብራቱ ይበራል። ክላክሱ ይጮሃል። ሞተሪኖው፣ ማስነሻው ማለቴ ነው፣ ይዞራል። ሃያ ጊዜ ሞከርኩ። በፔዳልም መታኋት፤ ቁርጭምጭሚቴ ሊወልቅ ነው። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈታሁት፣ እርጥብ ነው። በሸሚዜ ጫፍ ጠርጌ መለስኩት፣ ያው። ጎረቤቴ ባትሪ ቀይር ይላል። ሰፈር ያለው መካኒክ በስልክ «ካርቡሬተሩ አልቋል፣ አዲስ ይገባላታል» አለኝ። ሳያያት! ደመወዝ ደግሞ ገና ነው።

ሁለት ገበሬዎች ላማችን ኮርማ ፈለገች ብለው በጠዋት ደውለዋል። ጠዋት የታየችዋን ማታ ማድረስ አለብኝ። ነገ ብሄድ አልፏል፤ ሌላ 21 ቀን መጠበቅ ነው። ከምን ልጀምር?

ቀይ ቁልፍ

እጀታው ላይ ያለችውን ቀይ ማጥፊያ አየሃት? አትሳቅ። የኔዋን ልጆች ነክተዋት፣ ሞተሪኖው እየዞረ፣ ግማሽ ቀን ላቤን አፍስሻለሁ። የጎረቤት ልጅ መጥቶ ጠቅ አደረጋት፤ ተነሳች።

ደገኛው

ከፍታው ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛባትና ካንዴላው ይሰምጣል። ቾክ፣ የአየር መዝጊያውን፣ አትሳብ። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ይዘህ አዙራት።

ጋሽ ካንዴላ

ልጄ፣ ከፍታው ቢሆን ኖሮ አምስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ባላስነሳሃት ነበር። ቤቷ ደጋ ነው፤ ሸዋ ሮቢት እንግድነት ነው የሄደችው። የከፍታው ነገር እውነት ነው፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ቤንዚን ያስበላል፤ ግን ትናንት የገባችን ሞተር ዛሬ አይከለክልም። ባትሪውንም ተወው። ክላክስ የሚያስጮህ፣ ሞተሪኖ የሚያዞር ባትሪ ምን አደረገህ?

እኔ ከያማሃ ዲቲ ዘመን ጀምሮ ደሴ ላይ ሞተር ስፈታ ነው የሸበትኩት። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ክያቤ ያነሳል። ክያቤውን አስቀምጥና አፍንጫህን ተጠቀም። ሞተር ለመነሳት የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ቤንዚን ከአየር ጋር፣ እሳት፣ እመቃ፤ እመቃ ማለት ፒስተኑ ድብልቁን መጭመቁ ነው። እየሮጠች የገባች ሞተር እመቃዋ በአንድ ሌሊት አይጠፋም። እሳትና ቤንዚን ቀሩ።

ካንዴላው እርጥብ ነው አልክ። በምን? ጠረግከው እንጂ አላሸተትከውም። እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ቤንዚን ካለ፣ ነዳጁ ደርሷል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው እሳት ነው። ደረቅ ከሆነ ነዳጁ አልደረሰም። እርጥብ ሆኖ ምንም ካልሸተተ፣ ጣትህም ላይ ቶሎ ካልደረቀ፣ ውሃ ነው። እኔ ሃይላንድ ያልክበት ቦታ ስደርስ ነው ማንበብ ያቆምኩት።

ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል። መንገድ ላይ ሲናጥ በጥቂት በጥቂቱ ያልፋል፤ ሞተሯ እየተነጫነጨች ትሄዳለች። ስታቆማት ግን ሌሊቱን ይዘቅጣል። ታንኩ ሥር ይተኛል፣ ካርቡሬተሩ ሥር ያለችው ትንሿ ኩባያ ውስጥ ይተኛል። ጠዋት ስታስነሳ የሚሳበው እሱ ነው።

አሁን ካንዴላውን ፍታና አሽትተው። የሽቦው ኮፍያ ላይ መልሰህ ሰካውና ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካው። ከተፈታበት ቀዳዳ ራቅ ይበል፤ ከዚያ የሚወጣው እንፋሎት እሳት ይይዛል። ውጭ ሁን፣ ቤት ውስጥ አትሞክረው። ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ይጫን። ሰማያዊ፣ ቀጨም የሚል ብልጭታ ካየህ እሳትህ ደህና ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ መጀመሪያ ካንዴላ ቀይር፤ ከሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

ከዚያ ካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን በካቻቢቴ ላላ አድርግ። የሚወጣውን በሻይ ብርጭቆ ያዝ። አምስት ደቂቃ አስቀምጠው። ከሥር ሌላ መስመር ከሠራ ካርቡሬተርህ አላለቀም። ብርጭቆውን ግን ወደ ጓዳ እንዳትመልሰው፤ እኔ መልሼ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ቀይ ቁልፍ

ጋሼ፣ ውሃ ሳይሆን ላምባ ቀላቅለውበት ቢሆንስ?

ጋሽ ካንዴላ

ላምባ ከቤንዚን ጋር ይዋሃዳል፣ መስመር አይሠራም። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣል። ቤንዚን ብቻ ከሆነ ተንኖ ይጠፋል፤ ላምባ ካለበት ቅባቱ ይቀራል።

ባለ ናይትሮጂኑ

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ቀይዋ ማጥፊያ ደህና ነበረች። ካንዴላው ምንም አይሸትም። እሳቱ ሰማያዊ ነው፣ ጎረቤቴ ሞተሪኖውን ሲጫን እኔን ራሱ ነዘረኝ። ብርጭቆው ሥር አንድ ጣት የሚሞላ ውሃ ተኝቷል፤ ከላዩ ቤንዚኑ ተንሳፏል። ታንኩን ሙሉ በሙሉ ጀሪካን ውስጥ ገለበጥኩት። ከማደያ በጎረቤቴ ሞተር አስቀድቼ እስከ አፉ ሞላኋት። በሦስተኛው ተነሳች። ጮህኩ።

ግን አላለቀም። ከከተማ ወጥቼ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልሄድ ጠፋች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆሜ ስሞክር ተነሳች፤ ትንሽ ሄዳ ደግሞ ጠፋች። ናይትሮጂኑን ከኋላ አስሬ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። ውሃ ቀርቶባት ይሆን?

ደገኛው

አሁንስ ከፍታው ነው 😄

ጋሽ ካንዴላ

ቆሞ ሲያርፍ የሚነሳ፣ ሲሄድ የሚጠፋ ውሃ አይመስለኝም። ጽሑፍህን አሁን ደግሜ አነበብኩት። ፌስታል! እኔም አልፌው ነበር። ዛሬስ ስትሞላ መልሰህ አደረግከው?

ባለ ናይትሮጂኑ

አዎ። ደመና ስላለ።

ጋሽ ካንዴላ

ክዳኑ ላይ ቀጭን መተንፈሻ ቀዳዳ አለች። ቤንዚን ሲወርድ በምትኩ አየር መግባት አለበት። ፌስታሉ ደፍኖታል። ታንኩ አየር ያጣና ቤንዚኑን ይይዘዋል፣ አይለቅም። ስትቆም በፌስታሉ ጠርዝ ቀስ እያለ አየር ይገባል፣ ለዚያ ነው መልሳ የምትነሳው። ትናንት ታንክህ ግማሽ ባዶ ስለነበር ብዙ መንገድ ቻለችው፤ ከተማ መግቢያ ላይ ያነቃትም ይሄው ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ እስከ አፉ ሞልተህ ከላይ የቀረው አየር ትንሽ ነው፣ ወዲያው ያልቃል። ክዳኑን ክፈትና ጆሮህን አስጠጋ።

ባለ ናይትሮጂኑ

«ፍስስ» አለ! በርበሬ እንደቀመሰ ሰው አየር ሳበ። ፌስታሉን ኪሴ ከትቼ እየሄድኩ ነው።

ባለ ናይትሮጂኑ

አሁን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው፣ ቤቴ ገባሁ። ሁለቱም ላሞች ተዳቅለዋል፤ ሁለተኛዋን በስልክ መብራት ነው የሠራሁት። ዝናቡ ሳይመጣ ተመለስኩ። በር ላይ ስደርስ የሰፈራችን መካኒክ ደወለ። «ካርቡሬተሩን አግኝቼልሃለሁ፣ ብሩን ይዘህ ና» ይላል። ምን ልበለው?