ክርክር፦ ጋትስቢን የጣለው ምኞቱ ነው ወይስ የጨዋዎቹ በር?

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት መነሻችን የስኮት ፊትዝጄራልድ «ታላቁ ጋትስቢ» (1925 እ.ኤ.አ.) ነው። መጽሐፉ የሚከስሰው የአሜሪካን ሕልም ራሱን ነው ወይስ ሕልሙን ለራሳቸው ያስቀሩትን? ላላነበቡ ባጭሩ፦ ጄምስ ጋትዝ የሚባል የሰሜን ዳኮታ ድሃ የገበሬ ልጅ በ17 ዓመቱ ስሙን ቀይሮ ጄይ ጋትስቢ ይባላል። ወታደር ሳለ የወደዳት ዴዚ ቶም ቡካናን የተባለ ባለጸጋ ታገባለች። ጋትስቢ በሕገ ወጥ ንግድ ይከብርና ሎንግ አይላንድ ላይ፣ ከቤቷ ትይዩ ከውሃው ማዶ ትልቅ ቤት ይገዛል። በ1922 የበጋ ወራት ሊያስመልሳት ሞክሮ በመጨረሻ በጥይት ይገደላል። ታሪኩን የሚነግረን የዴዚ ዘመድ ኒክ ካራዌይ ነው። እባካችሁ መጽሐፉን ይዛችሁ ተከራከሩ፤ ፊልሞቹን አይደለም።

መምህሩ፦ የጣለው ምኞቱ ነው እላለሁ። ከቀብሩ በፊት አባቱ ለኒክ አንድ አሮጌ የልጅነት መጽሐፍ ያሳዩታል። በጀርባው ልጁ በሴፕቴምበር 1906 የጻፈው የቀን መርሐ ግብር አለ። በእኛ ሰዓት ስናነበው፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት መነሳት፤ ከ12፡15 ስፖርት፤ ከ1፡15 እስከ 2፡15 የኤሌክትሪክ ጥናት፤ ከ2፡30 እስከ 10፡30 ሥራ፤ ከ11 እስከ 12 የንግግርና የቁመና ልምምድ፤ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ስለ ፈጠራ ሥራዎች ማጥናት። ከሥሩ ደግሞ ሲጋራ መተው፣ ለወላጅ የተሻለ ልጅ መሆን፣ በሳምንት 5 ዶላር መቆጠብ ይላል፤ 5ቱ ተሰርዞ 3 ተጽፏል። ያችን ስርዝ ልብ በሉልኝ። አቅሙን የሚያውቅ፣ ራሱን የማይዋሽ ልጅ ነበር። በዚሁ ቢቀጥል ሚሊየነር ባይሆን እንኳ ራሱን የቻለ ሰው ይሆን ነበር። የጠፋው ያለፉትን አምስት ዓመታት እንዳልነበሩ ላድርግ ባለ ጊዜ ነው። ዴዚ ቶምን ጨርሶ ወድጄው አላውቅም እንድትል ይገፋታል፤ እሱንም አንተንም ወድጃለሁ ስትለው አይበቃውም። ይህን ያመጣው ድህነቱ አይደለም።

ሒሳብ ሹሙ፦ መምህር፣ ያነሱትን ቁጥር እስቲ እናስላው። በሳምንት 3 ዶላር በዓመት 156 ዶላር ይሆናል። ቶም ለሠርጋቸው ለዴዚ የሰጣት የዕንቁ ሐብል 350,000 ዶላር ያወጣል። ልጁ አንድ ሳምንት ሳያጓድል ቢቆጥብ ለሐብሉ ብቻ ከ2,200 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ቁጠባ ወደዚያ ሰፈር አያደርስም፤ ሕልሙን የሰበኩት ደራስያንም ያውቁታል። የሆሬሺዮ አልጀርን «ራግድ ዲክ» (1868) ውሰዱ። ጫማ ጠራጊው ዲክ ማንበብ ይማራል፣ ባንክ ሒሳብ ይከፍታል። ሆኖም በሳምንት 10 ዶላር የሚከፈልበትን የቢሮ ሥራ ያገኘው ከጀልባ ውሃ ውስጥ የወደቀ የባለጸጋ ልጅ ስላዳነ ነው። ሕፃኑ ባይወድቅስ?

የቴዎዶር ድራይዘር «ሲስተር ኬሪ» (1900) ይህን ገሃድ ያወጣዋል። ኬሪ በ1889 ቺካጎ ስትገባ 18 ዓመቷ ነው፤ ቦርሳዋ ውስጥ 4 ዶላር አለ። ጫማ ፋብሪካ በሳምንት 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ትቀጠራለች። ከዚያ ላይ 4 ዶላሩን ለማደሪያና ለምግብ ለእህቷ ትከፍላለች። በእጇ የሚቀረው 50 ሳንቲም ነው። ብርዱ ሲገባ የሚሞቅ ልብስ የላትም፤ ትታመማለች፣ ሥራዋንም ታጣለች። ድሩዌ የሚባለው ተዘዋዋሪ ሻጭ ሁለት ባለ10 ዶላር ኖት እጇ ላይ ሲያስቀምጥ ከአንድ ወር ደመወዟ በላይ ሰጣት ማለት ነው። ለምን ተቀበለች ብሎ የሚፈርድ አንባቢ አስቀድሞ ያችን 50 ሳንቲም ይቁጠር።

ጠበቃው፦ ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ግን ጋትስቢን ነጻ አያወጣውም። በአሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ መሸጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር። መድኃኒት ቤት ግን በሐኪም ማዘዣ ዊስኪ እንዲሸጥ ይፈቀድለት ነበር። ጋትስቢና ሸሪኩ ዎልፍሻይም በኒው ዮርክና በቺካጎ ጓሮ ጓሮ ያሉ መድኃኒት ቤቶችን የገዙት ለዚህ ነው፤ በመድኃኒት ቤት ስም አልኮል በባንኮኒ ይቸበችቡ ነበር። እሺ፣ መጠጥ ነው እንበል። የተሰረቁት ቦንዶችስ? ጋትስቢ ከሞተ በኋላ ከቺካጎ ስልክ ይደወላል፤ ደዋዩ መሞቱን አያውቅም። ፓርክ የሚባለው ልጅ ቦንዶቹን በባንኮኒ ሲያቀብል ተያዘ፣ ቁጥራቸው ከኒው ዮርክ ከአምስት ደቂቃ በፊት ደርሷቸው ነበር ይላል። እነዚያ ወረቀቶች ባይያዙ ኖሮ ጥሪቱን የሚያጣ ሰው ነበር። በር ተዘጋበት ስንል ያንን ሰው ረስተነዋል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ወንጀሉን አልክድም ወንድሜ። ቶም ፕላዛ ሆቴል ውስጥ ይህን ሁሉ ሲያወጣበት ግን ለተዘረፈው አዝኖ ነው? ጋትስቢ ወዲያው ያንተ ወዳጅ ዋልተር ቼዝም ኪሱ ባዶ ሲሆን ገብቶበታል ብሎ ያስታውሰዋል። ቶም ቼዝን አያወግዝም፤ እንዲያውም ኒው ጀርሲ አንድ ወር ሲታሰር ጥላችሁት ሄዳችሁ ብሎ ይቆረቆርለታል። ሥራው አንድ፣ ፍርዱ ሁለት።

የቶም ገንዘብ ከየት እንደመጣ ማንም አይጠይቅም፤ ቤተሰቡ እጅግ ሀብታም ነበር ከተባለ በቃ። ጋትስቢ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ለቤቱ መግዣ ያገኘሁት በሦስት ዓመት ሠርቼ ነው ብሎ ያመልጠዋል። ኒክ «የወረስከው መስሎኝ» ሲለው፣ ወርሼስ ነበር፣ በጦርነቱ ቀውስ ጊዜ አብዛኛው ጠፋብኝ ብሎ ይሸፍናል። ሠርቶ ማግኘት በሚወደስበት አገር ሰውዬው መሥራቱን ደብቆ መውረሱን ያወራል! ለእኔ የመጽሐፉ አንጓ እዚህ ነው።

ሌላም ላንሳ። ሁላችንም ስለ ጋትስቢ ስናወራ ጋትስቢን ገድሎ ራሱን ያጠፋው ዊልሰን ተረሳ። መጠጥ የማይሸጥ፣ ቦንድ የማይነግድ፣ አመድ በለበሰው ሰፈር ጋራዥ ከፍቶ የሚለፋ ሰው ነው። መኪናህን መቼ ትሸጥልኛለህ ብሎ ቶምን ይጠይቃል፤ እሷን አትርፎ ሊሸጥ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሠራተኛዬ እየጠገናት ነው ይለዋል። ዊልሰን ዘገየ ብሎ ትንሽ ቢያጉረመርም ቶም እንግዲያው ለሌላ እሸጣታለሁ ብሎ ዝም ያሰኘዋል። ያን ጊዜ ቶም የዊልሰንን ሚስት በስውር ወዳጅ አድርጓል። ዊልሰንንስ ምን ምኞት አጠፋው ሊሉን ነው መምህር?

ብርሃን፦ እኔ ከእኛው «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ጋር ሳስተያየው አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታየኛል። በዛብህና ሰብለ ወንጌልን የሚለያያቸው የዘር አጥር በግላጭ የቆመ ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ደጅ ተዘግቷል፤ ክፍት ነው ብሎ የዋሸውም የለም። ጋትስቢን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከለፋህ ትገባለህ ብለውታል። ግፉ እኩል አይደለም፤ የኛው በግልጽ ይከለክላል፣ የእነሱ ጋብዞ ይመልሳል። ዲቪ ሞልቶ ለሚጠብቅ ወጣት ይህን መጽሐፍ ስናስነብበው ሕልሙን ልናጠፋበት ሳይሆን የቤቱን አሠራር አስቀድሞ እንዲያይ ይመስለኛል።

መምህሩ፦ ዊልሰንን እቀበላለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን የሰው ምርጫ የለም እስከ ማለት አንድረስ። በዊልያም ዲን ሃዌልስ «የሳይላስ ላፋም መነሣት» (1885) ላፋም በቀለም ንግድ የከበረ ገጠሬ ነው፤ የቦስተን ጨዋዎች እራት ላይ ጠጥቶ ይዋረዳል፤ በሩ ለእሱም ጠባብ ነበር። ኪሳራ አፋፍ ላይ ሲደርስ ዋጋቸው እንደሚወድቅ የሚያውቃቸውን ወፍጮ ቤቶች ላላወቁ እንግሊዞች ሸጦ መዳን ይችል ነበር። አልሸጠም፤ ከሰረ። ያው በር፣ ሌላ ሰው።

ሒሳብ ሹሙ፦ ላፋም ከስሮም የሚመለስበት እርሻ ቬርሞንት ነበረው። ኬሪ የምትመለስበት ምን ነበራት? እምቢ የማለት አቅም ራሱ ጥሪት ይፈልጋል መምህር።

አወያይ፦ ለቀጣይ ዙር አንድ ማስተካከያ። «የአሜሪካ ሕልም» የሚለው ሐረግ የተስፋፋው በ1931 በታተመው የጄምስ ትረስሎ አዳምስ የታሪክ መጽሐፍ ነው፤ ፊትዝጄራልድ መጽሐፉ ውስጥ አልተጠቀመበትም። ስለዚህ ደራሲው ስለ ሕልሙ እንዲህ አለ አትበሉ። ኒክ ያለውንም ፊትዝጄራልድ አለ ብላችሁ አትጥቀሱ፤ ኒክ ራሱ በወር 80 ዶላር ቤት የተከራየ የባለ ሀብት ቤተሰብ ልጅ ነው፣ ቦንድ ሥራ ሲማር የሚያኖረውም አባቱ ነው። እያንዳንዳችሁ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዛችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን አለው፣ ከየት አገኘው፣ መጨረሻ ላይ ምን ከፈለ።

ጠበቃው፦ እንግዲያው እኔ ዎልፍሻይምን እይዛለሁ። የ1919ን የቤዝቦል ዋንጫ ውጤት ያጭበረበረ ሰው ነው፤ ኒክ ለምን አልታሰረም ሲል ጋትስቢ ሊይዙት አይችሉም፣ ብልጥ ነው ይለዋል። ቼዝ ታሰረ፣ ፓርክ ተያዘ፣ ጋትስቢና ዊልሰን ሞቱ። ቶምና ዴዚ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ፤ ዎልፍሻይም ቢሮው ተቀምጧል። የሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴ፣ በር የዘጉት ጨዋዎቹ ብቻ ከሆኑ ይህን ሰው የት ታስገቢዋለሽ? ጨዋም አይደለም፣ ወራሽም አይደለም፤ ግን ምንም አልከፈለም።